«ባዶ ነው» የተባለው ሜዳ

እስቲ ስልካችሁ ላይ ጉግል ማፕን ክፈቱና «ወረታ» ብላችሁ ፈልጉ። ከዚያ ወደ ሳተላይት ምስሉ ቀይሩት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን አቋርጦ ሲያልፍ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው ደግሞ ተገንጥሎ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ታያላችሁ። በምዕራብ በኩል ጣና አለ። በዙሪያው የተዘረጋው ሰፊ ሜዳ ፎገራ ነው።

እኔ ይህን ካርታ የምከፍተው አገሬ ሲናፍቀኝ ነው። ሁልጊዜ ጣቴ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ባደግኩበት ሰፈር ያለ፣ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ የሆነ አራት ማዕዘን መሬት። ልጆች ሆነን «ሜዳው» ነበር የምንለው። ሌላ ስም አልነበረውም።

ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ የምንጫወተው እዚያ ነው። በገና ሰሞን የገና ጨዋታ አለ። እናቶች ሩዝና በርበሬ ያሰጡበታል። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ይተከልበታል፤ ሠርግም ሲኖር እንደዚያው። ማንም ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ግን ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። ድንኳን ያለ ቀን ኳስ የለም። በርበሬ የተሰጣበት በኩል ማለፍ ክልክል ነው።

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። ለግንባታ ተሰጥቷል ተባለ። የተቃወመ ሰው አልነበረም። «ባዶ ቦታ ነው እኮ፣ ቢሠራበት ምን አለ?» አሉ ትልልቆቹ። እውነቱን ለመናገር እኛም ፎቅ ሲወጣ ለማየት ጓጉተን ነበር።

ፎቁ አልወጣም። ሃይስኩል ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ በኢኮኖሚክስ ተመረቅኩ፣ ሥራ ፍለጋ ዞርኩ፤ አጥሩ ግን እዚያው ነው። ቆርቆሮው ዝጓል። ውስጡ አረምና የተደፋ የሩዝ ቅርፊት ሞልቶታል። ልጆቹ ደግሞ ወደ አስፋልቱ ዳር ወጥተዋል። ባለፈው ለበዓል ስሄድ ኳሳቸው አይሱዙ ሥር ገባች፤ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ ተከትሏት ሮጠ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። መንገድ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ጮኸ። ልጁ ኳሱን ታቅፎ እየሳቀ ወጣ። የእኔ ጉልበት ግን ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አእምሮዬ ውስጥ ትመላለሳለች። «ባዶ» የምትለው።

«ከብት ያለበት ሜዳ ባዶ ይባላል እንዴ?»

በዚያው በዓል አያቴን ለመጠየቅ ከከተማው ወጣ አልኩ። አያቴ የፎገራን ሜዳ ሩዝ ሳይዘራበት ነው የሚያውቁት። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለን ማሳውን እያየን፣ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ድሮ ባዶ ነበር አይደል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ባዶ? ከብት ያለበት ሜዳ ባዶ ይባላል እንዴ ልጄ?»

ልክ ናቸው። የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ ውኃ ይተኛበታል። ውኃው ሲሸሽ ሣር ያበቅላል። በዚያ ሣር ላይ የኖረው የፎገራ ከብት ነው፤ በወተቱ በአገር ደረጃ የሚታወቅ ዝርያ። ሜዳው የወል ግጦሽ ነበር። አጥር አልነበረውም፤ ሥርዓት ግን ነበረው።

ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። አጀማመሩ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ተያይዞ ይወሳል፤ «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከጅግና ቀበሌ ነው። ለጤፍ ጠላት የነበረው የተኛ ውኃ ለሩዝ ሲሳይ ሆነ። ዛሬ ፎገራ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ሩዝ ነው። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመውም እዚሁ ነው።

እንዳትሳሳቱ፤ ሩዝን እየከሰስኩ አይደለም። የእኔን ደብተርና ዩኒፎርም የገዛው ሩዝ ነው። ግን ሒሳቡን ሙሉ ለሙሉ እናስላው ካልን ሌላም ዓምድ አለ። የወል ግጦሹ ጠበበ፤ ከብቱም አብሮ ቀነሰ። ሸሸርና ወለላ የሚባሉት የሜዳው ረግረጋማ ውኃዎች፣ የወፍና የዓሣ መራቢያ የነበሩት፣ ለመስኖ እየተሳቡና እየታረሱ በጣም ተመናመኑ። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ብዙው ነገር አልፎ ነበር።

የሚገርመው ይህን ሁሉ አንድ ሰው ወይም አንድ ስብሰባ አልወሰነውም። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቆረሰ። ለምን ቢባል «ባዶ ነው እኮ»።

የከብቱ ምሳሌ

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ያውቃል። ምሳሌው ስለ ግጦሽ ነው። ሜዳው የሁሉም ከሆነ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ይጨምራል፤ ጥቅሙ የራሱ ነው፣ ጉዳቱ ግን ለሁሉም ይከፋፈላል። በመጨረሻ ሣሩ ያልቃል። ስለዚህ ወይ ለግለሰብ ይሰጥ፣ ወይ መንግሥት ይያዘው።

ክፍል ውስጥ ይህን ስንማር ጥሩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ኤሊኖር ኦስትሮምን አነበብኩ። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እሷ ያደረገችው ቀላል ነገር ነው፤ በእውን ያለውን አየች። የስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያለውን ግጦሽ፣ የስፔንን የመስኖ ቦዮች፣ የጃፓን መንደሮችን የጋራ መሬት መረመረች። ለዘመናት ያልጠፉ የወል ሀብቶች ነበሩ። ያልጠፉት ደግሞ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ ስላወጡ፣ እርስ በርስ ስለሚጠባበቁና ያጠፋውን ስለሚቀጡ ነው።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ድንኳን ያለ ቀን ኳስ የለም፤ በርበሬ የተሰጣበት አይረገጥም። ሰፈራችን ኦስትሮምን ሳያነብ ያውቃት ነበር ማለት ነው።

የጎደለን አንድ ነገር ነው። ደንባችን ለውጭ ሰው አይታይም። ካርታ ላይ የለም፣ ወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ሰው ሜዳውን ሲያየው ባዶ ይመስለዋል። እኛም ስንጠየቅ «አዎ ባዶ ነው» ብለን እናስረክባለን።

ጃን ሜዳን የመለሰው ምንድን ነው?

ወረታ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጥያቄው ግን የአዲስ አበባም ነው። እንደ ጃን ሜዳ ጥሩ ምሳሌ የለም።

ጃን ሜዳ በነገሥታቱ ዘመን የሰልፍና የፈረስ ግልቢያ ሜዳ ነበር። አትሌቶች አገር አቋራጭ ይሮጡበታል፣ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ጥር 10 ደግሞ ታቦታት ወጥተው ጥር 11 ጥምቀት ይከበርበታል። በቀሩት ቀናት ያየው ሰው፣ በተለይ በመሬት ዋጋ የሚያስብ ሰው፣ መሀል ከተማ ላይ የተኛ ትልቅ ባዶ ቦታ ነው ሊል ይችላል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ በጣም ስለሚጨናነቅ ነጋዴዎቹ ወደ ጃን ሜዳ እንዲዛወሩ ተደረገ። ውሳኔው በዚያ ሰዓት ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ክረምቱ መጣ። ሜዳው ጭቃና የበሰበሰ አትክልት ሆነ። «ጊዜያዊ» የተባለው ቆይታም ረዘመ። በእኛ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ጃን ሜዳ ግን ተመለሰ። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ፣ ሜዳው ተጠረገ፣ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ እንደ ልማዳቸው ወጡ።

ለምን ተመለሰ? አጥር ስለነበረው አይደለም። ካርታ ስለነበረውም ብቻ አይደለም። ቀጠሮ ስለነበረው ነው። በየዓመቱ በአንድ የታወቀ ቀን ሕዝብ የሚፈልገው ቦታ ነው። ያን ቀን የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን መድረሱን የማይጠይቅ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሜዳን «ባዶ ነው» ብሎ ማስረከብ ከባድ ነው።

መስቀል አደባባይም እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን ስሙ አብዮት አደባባይ ሆነ፤ ሰልፉም ተቀየረ። ሰው ግን መሰብሰቡን አልተወም። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠራለት፤ ከላይ ግን ክፍት አደባባይ ሆኖ ቀጠለ። ደመራው አለ፤ ሩጫው አለ፤ ማታ ማታ ስኬት የሚነዱ ልጆች አሉ።

«መንገድ ለሰው» የተባለውንም አስታውሱ። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች የተመረጡ መንገዶች ለመኪና ተዘጉና ሰው ወጣባቸው። ያን ቀን የተገነባ ምንም ነገር አልነበረም። መንገዱም ያው መንገድ ነው። የተቀየረው ቀጠሮው ብቻ ነው።

ውጭ አገር ደግሞ የምወደው ምሳሌ በርሊን ያለው ቴምፕልሆፍ ነው። ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ። ከ300 ሄክታር በላይ የሆነ ሜዳ ማለት ነው። አዲስ ነገር ብዙም አልተሠራበትም። ማኮብኮቢያው ላይ ሰዎች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ አትክልት የሚተክሉም አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ የከተማው አስተዳደር ዳር ዳሩን ቤት ልሥራበት ሲል ነዋሪው በሕዝበ ውሳኔ እንቢ አለ። በአራት ዓመት ውስጥ ሰዉ ለምዶት ነበር። ልማዱ ባይኖር ማን ወጥቶ ድምፅ ይሰጥ ነበር?

ሳይከፍሉ መቀመጥ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በከተማችሁ ውስጥ ምንም ሳትገዙ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የምትችሉት የት ነው?

እኔ ወረታ ስሄድ ከጓደኞቼ ጋር የምገናኘው ሻይ ቤት ነው። ሻዩ ሲያልቅ አስተናጋጇ ታየናለች፤ ሌላ እናዛለን። ኪስ ባዶ ከሆነ መገናኘት የለም። ከእኛ የሚያንሱት ደግሞ ከረንቡላ ቤት፣ ጫት ቤትና ቤቲንግ ቤት ይውላሉ። ቤቲንግ ቤቱ ወንበር አለው፣ ጥላ አለው፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አለው። ብዙዎቹ መጀመሪያ የገቡት ለመወራረድ ሳይሆን ለመቀመጥ ነው። ሴቶቹማ የት ናቸው? ከሥራ ወይ ከትምህርት ወጥተው ቤት ነው የሚገቡት፤ ሌላ መሄጃ አልተሠራላቸውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለፉት ዓመታት ትልልቅ ፓርኮች ተከፍተዋል። ለዘመናት ዝግ የነበረው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሆኖ ሲከፈት ብዙ ሰው ደስ ብሎታል፤ እኔንም ጨምሮ። ግን መግቢያው ቲኬት ነው። ቲኬት የሚቆረጥለት ውበት ጥሩ ነገር ነው፤ የሰፈር ሜዳን ግን አይተካም። ሜዳ ማለት ኪስህ ውስጥ ምንም በሌለበት ቀንም የምትገባበት ቦታ ነው።

«ሜዳ እንጀራ አይሆንም»

ይህን ሐሳብ ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «አገሩ ባለበት ሁኔታ፣ ሰው ሥራ አጥቶ፣ አንተ ስለ ኳስ ሜዳ ታወራለህ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክልላችን ያለፈበትንና ያለበትን እያወቅኩ ስለ መቀመጫ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከተማዋም የመሬት ገቢ ትፈልጋለች። ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት፤ የሩዝ መፈልፈያ አላት፤ ደረቅ ወደብ አላት። ለኮንቴይነርና ለመጋዘን ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል።

መልሴ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ እኔ የምለው ስለሚሠራበት መሬት አይደለም። ታጥሮ ስለተቀመጠው ነው። ኢኮኖሚክስ ላይ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» የምንለው ነገር አለ፤ አንዱን ስትመርጥ የምታጣው ሌላው ማለት ነው። የታጠረው ሜዳ ፎቅም አልሆነ፣ መጋዘንም አልሆነ፣ ሥራም አልፈጠረ። ልጆቹም አጡት። ሁለቱንም ያጣንበት መሬት ነው። ለያዘው ሰው ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አያከስረውም፤ የቦታው ዋጋ በየዓመቱ ይጨምርለታል። መቆየቱ የሚያስከፍለው ሌላውን ነው።

ሁለተኛ፣ ፎገራ ውስጥ ያለነው ጎርፍ ሜዳ ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ፎገራና ሊቦ ከምከም ውስጥ ብዙ ሰው አፈናቅሏል፤ ያዩት ዛሬም ያወሩታል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ውኃ አይጠጣም። ከተማ ውስጥ ያለ ሣራማ ሜዳ ግን ይጠጣል፤ ዝናቡን ለጥቂት ሰዓት ይይዘዋል። ክፍት ቦታን ሁሉ ከሸፈንን ውኃው የሚሄደው ወደ ሰው ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ አሁን ርካሽ ነው። ቦታ ለማስቀረት ትክክለኛው ጊዜ ከተማ ትንሽ ሳለች ነው። ካደገች በኋላ ሜዳ ለማግኘት ቤት ማፍረስ፣ ካሣ መክፈል፣ ሰው ማፈናቀል ያስፈልጋል። ያንን ትልልቅ ከተሞች ላይ እያየነው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕጉ ከምናስበው በላይ ከእኛ ጋር ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ የወሰደ ሰው በውሉ በተቀመጠው ጊዜ ግንባታ እንዲጀምር ያስገድዳል። ካልጀመረ ውሉ ተቋርጦ ቦታው ሊመለስ ይችላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ይጠይቃል። በአገራችን የከተማ ፕላን ሥራ የሚጠቀስ አንድ መለኪያም አለ፦ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለሕንፃ። 30 በመቶ! ሰፈራችሁን በዓይነ ኅሊናችሁ አስቡትና ለካ ስንት ቀርቶብናል በሉ።

ነገር ግን ሕግ የሚሠራው የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው። የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የሚኖረው ቦታውን የሚናፍቅ ሰው ሲኖር ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ከስልካችን እንጀምር። ካርታ ላይ የሰፈራችሁን ክፍት ቦታዎች ቆጥራችሁ መዝግቡ። የትኛው ታጥሯል? ከመቼ ጀምሮ? ድሮ ምን ይደረግበት ነበር? አረጋውያንን ጠይቁ። ወደ ማዘጋጃ ቤት «ፓርክ ይሠራልን» ብሎ መሄድና «ይህ ቦታ ታጥሮ ይህን ያህል ዓመት ሆኖታል፣ የውሉ ጊዜ እንዴት ነው?» ብሎ መሄድ ይለያያል። ሁለተኛው መልስ የሚጠይቅ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ጊዜያዊ ነገር እንጠይቅ። ባለቦታው ግንባታ እስኪጀምር በሩ ይከፈት። ሁለት የግብ እንጨት፣ አምስት ጥላ የሚሆን ዛፍ፣ አንድ የቆሻሻ ቦታ ይበቃል። በጀት የሚባል ነገር ብዙም አያስፈልግም።

የሚያስተዳድረውስ ማን ነው? ዕድር አለን እኮ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ሲያስተዳድር የኖረ፣ ያልመጣውን የሚቀጣ፣ ሒሳቡን በየወሩ የሚያወራርድ ተቋም ነው። ኦስትሮም ብታየው መጽሐፏ ውስጥ ታስገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዕድሩ ሁለት ሰው፣ ከወጣቱ ሁለት፣ ከሴቶቹ ሁለት ቢቀመጡ የሜዳውን ደንብ በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጠሮ እናብጅለት። ቅዳሜ የልጆች ኳስ፣ እሑድ ጠዋት የእግር ጉዞ፣ ምሽት የእናቶች ቡና። ቀጠሮ ያለው ሜዳ ባዶ አይባልም።

በዓሉ አልፎ ከመመለሴ በፊት በሜዳው በኩል አለፍኩ። ከቆርቆሮዎቹ አንዱ ከሥሩ ተነቅሎ ልጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። ያ አይሱዙ ሥር የገባው ልጅ በዚያ በኩል ብቅ አለና አየኝ። የሚቆጣ ሰው መስዬው ትንሽ ፈራ።

«ውስጥ ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም የለም» አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ «ኳስ ግን ያጫውታል» ብሎ ተመልሶ ገባ።